የቀለሙ ውፍረት

ከሌሊት ፈረቃ ማክሰኞ እንደ ወጣሁ፣
መኪናዬን ይዤ ኩባንያው ጋራዥ መጣሁ፤
ቂርያት ጋት ዳር ነው፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣
የመስታወት ግንብ፣ ወለሉ የሚያንሸራትት በረዶ።

ገዢው ናዖር ነው፣ የአሽቀሎን ልጅ። «ይመርመር» ቢለኝ፣
«ይመርመር!» አልሁት፤ የምደብቀው ምን አለኝ?
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከእኔ እጅ ያልወጣች፣
ዘይቷን በሰዓቷ እንደ ሕፃን የጠጣች፣
ለዓመቱ ፍተሻ ቀርባ ያልወደቀች፣
ዓርብ ከሰንበት በፊት ታጥባ የደመቀች።

ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ ከቀዝቃዛው ወንበር፤
ከዚያ ወረቀት መጣ፣ ባለ አራት ገጽ ነገር፣
ማኅተም ያለበት፣ የቀይ የቢጫ ምልክት፣
እኔ የማላነበው፣ እኔን የሚያነብ ጽሕፈት።

ለልጄ ለሞሪያ ፎቶ አንስቼ ላክሁኝ፤
ከትምህርቷ መሀል በሹክሹክታ አነበበችልኝ፦
«ማርሹ ያረጀ ነው። ዘይት ያፈሳል ሞተሩ።
የፊት ግራ አሞርዛተር ተሰብሯል ከሥሩ።»
«ከዚያስ?» አልኋት። «አባዬ…» አለች። «በይው!»
«የኋላ ቀኝ በር… ተመትቶ የተቀባ ነው።»

ባንኮኒው ጋ ሄድሁ። ሻይ ይባላል ልጁ፤
መጠጥ አይደለም፣ ስሙ ነው። ብዕር አለ በእጁ።
በተሰበረ ዕብራይስጥ፣ ባልተሰበረ አንገት፣
«ዘይት ካፈሰሰች» አልሁ፣ «የምትቆምበት መሬት
ስለምን ደረቀ? ማርሹንስ ስንት ሜትር ነዳችሁት?
ቆጣሪውን ስገባ አይቻለሁ፤ አንድም አልተጨመረበት!»

ትከሻውን ነቅንቆ፣ «ያለው ኮምፒውተሩ ነው፤
ዘጠኝ ሺህ ሰቅል ክፈል፣ ሁሉን እንጠግነው።
ካልሆነም ለእኛ ሽጣት፤ በግማሽ እንወስዳታለን።»
እህ! መርማሪ፣ ጠጋኝ፣ ገዢ አንድ አፍ ከሆኑ፣ ምን እንላለን?

ወደ ውበቱ ሄድሁ፣ ወደ ፋብሪካው ሰፈር፣
ቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ ሬዲዮው ሲያንቃርር።
በክሪክ አነሣት፤ በጣቱ ዳሰሳት፤
ማርሽ እየቀያየረ ከተማውን አዞራት።
«ጠብታ ዘይት የለም። ማርሿ ጤና፣ አሞርዛተሩም ደህና።
ሦስቱ ውሸት ነው» አለና ዝም አለ፤ አየኝ እንደገና።
ትንሽ መሣሪያ አውጥቶ በየበሩ አስጠጋ፤
መቶ፣ መቶ፣ መቶ… ከኋላ ቀኝ ግን ሦስት መቶው ልቤን ወጋ።

«ቀለሟ ወፍራም ነው፤ ከሥሩ ስቱኮ አለው።
የሠራው እጅ ዐዋቂ ነው። ማን ነበር ያሠራው?»

ማን? እኔ አልመታሁ። ሚስቴ መሪ አትነካም።
ከዚያ ትዝ አለኝ ያ ክረምት፦ ኤልያቭ ከጦሩ
ለዕረፍት መጥቶ፣ ቁልፍ ሰጥቼው፣ ሦስት ቀን መሰወሩ፤
«ኤይላት ነበርሁ» ማለቱ፤ መኪናዋም ስትመለስ
እንዲያ ታጥባ ማብራቷ፣ እኔም «አደገልኝ ልጄ» ብዬ ሳወድስ።

ደወልሁለት። ጠየቅሁ። ከወዲያ ትንፋሽ ብቻ።
ተርጓሚ አላስፈለገኝም፤ ይህን አነበብሁት ለብቻ።
እኔ ቀለም ሳልቆጥር፣ ቀለም ላስቆጥር ስለፋ፣
የቤቴን ቀለም ውፍረት የሚለካ መሣሪያ ጠፋ።

ሐሙስ ለናዖር ነገርሁት፦ «ሦስቱ ውሸት፣ አንዱ እውነት።
ለሦስቱ አንዲት አጎራ የለኝ፤ ለአንዱ ሁለት ሺህ ቀንስበት።»
«ማን መታት?» ብሎ ጠየቀኝ፣ ቁልፉን እያቀበልሁ።
ትንሽ አሰብሁና፣
«እኔ ነኝ» አልሁ።
ያም አንድ ሽፋን ቀለም ነው። ይለካው የሚለካ።

በአውቶቡስ ተመለስሁ። ኤልያቭ ደጅ ላይ ቆሞ፣
እጁ ኪሱ ውስጥ፣ ከሰላምታው አስቀድሞ፦
«በስንት ሄደች?» አለኝ። ቁጭ ብዬ ፈታሁ ጫማዬን።
«ሁለት ሺህ ሰቅል አለብህ» አልሁት።
እሱም አልጠየቀኝ ለምን።