ቀይ ክብ

ሳስካቱን፣ ጥር ወር፤ ውጭው በረዶ ለብሷል፣
ስክሪኔ ላይ ኔትወርኩ እንደ ድር ተዘርግቷል።
ስዊቹ ሁሉ ክብ፣ ገመዱ ሁሉ ክር፤
ሦስት ሳምንት ለፋሁ ቀለም ስቀምር፤
ደህናውን አረንጓዴ፣ የሞተውን ቀይ ቀብቼ
አስረከብኩ፣ ኮርቼ።
«ውብ ነው» አሉኝ አለቆች፣
ቀን ብቻ የሚያዩት ሰዎች።

የሌሊት ተረኛው ኦለንስኪ ግን
ወንበሩን ስቦ፣ መነጽሩን ጠርጎ፣
«የቱ ነው የሞተው?» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
ጣቴን ቀሰርኩ፤ «ይሄ፣ የሆስፒታሉ!»
«ለእኔ አንድ ናቸው ሁሉ።
ቀይና አረንጓዴ ዓይኔ ለይቶ አያውቅም።
የድሮው ማሽን ሲታመም ያጓራ ነበር፤
በጆሮዬ አገኘው ነበር።
ያንተው ድምፅም የለው።»

ዝም አልኩ። ያን ሁሉ ውበት
ለካ በራሴ ዓይን ልክ ነው የሰፋሁት።

ያን ሌሊት ኮዱን ፈታሁ፤
የሞተውን ክብ ሦስት ማዕዘን አደረግሁት፣
«ቆሟል» ብዬም በጉልህ ጻፍኩበት።

ሊነጋጋ ሲል፣ በሰሜን በኩል
አንድ ሦስት ማዕዘን ብቅ አለ።
እኔ ቀና ሳልል እሱ ኮቱን ደርቦ
ለሙቀት የሰካውን መኪና ነቅሎ ሄዷል፤
ጠረጴዛው ላይ ሻዩ ገና ይተናል።