ሦስተኛ ላይ የቀረች

ሮብሌ ሲመጣ መብራት ጠፍቶ ነበር፣
ቀን የጋለው ጣሪያ ሲንጣጣ፣ ሲያማርር።
ከሽንሌ የጫነው የግመል ወተቱ
ሆምጥጦ ደረሰ፤ ቀርቶበት ሽያጩ፣ ቀርቶበት ሰዓቱ።

«ከደንገጎ ወገብ ነው የተመለስኩት፤
አንዲት ማርሽ ቀንሺ ብዬ ለመንኳት፣ ሰደብኳት።
ሦስተኛ ላይ ቆማ፣ ሦስተኛ ላይ ሞታ፣
እንደ ተኛች ግመል፣ ብትመታ ብትመታ።»

ጠዋት ጉድጓድ ገባሁ፣ ሙቀቱ ሳይመጣ፤
የድሬ ሙቀት አከራይ ነው፣ ቀን የማይስት፣ ሰበብ የማያጣ።
አሥራ ዘጠኝ ቡሎን በአሥር ቁልፍ ፈትቼ፣
የካምቢዮውን ኮፓ በደረቴ ይዤ፣ ትንፋሼን ገትቼ፣
ዘይቱን አወረድኩት።
ቀይ መሆን ነበረበት፤
ጥቁር ነው፤ ይሸታል፣ ስኳር እንዳረረበት።
ማግኔቷ ላይ ትንሽ የብረት ጢም አለ፤
በጣቴ አሸሁት፤ ስባሪ አይደለም፣ ዱቄት፣ ዕድሜዋን መሰለ።

አራቱን ሶሌኖይድ፣ አውራ ጣት የሚያህሉ፣ ጨርቅ ላይ ደረደርኩ፤
ቶፊቅ ቴስተሩን ሲይዝ እኔ ቁጥር አነበብኩ፦
አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሁለት ተኩል፣ አሥራ ሦስት።
ቴስተሩ ጤነኛ አላቸው፣ ካራቱ አንዱን እንኳ ሳይስት።
ከባትሪ ሽቦ ስቦ ነካ ሲያደርጋቸው ቶፊቅ፣
እያንዳንዷ ጠቅ።
ጠቅ።
«ታዲያ የቷ ናት ውሸታሟ?» አለኝ እየሳቀ። ጠቅ። ጠቅ።

አባቴ በር ላይ ነው፣ ካኪውን እንደ ለበሰ፤
አርባ ዓመት በባቡሩ አትልየ፣ ቶርኖ ላይ ቆሞ፣ ጆሮው ነው የፈረሰ።
ስንነጋገር ከንፈር ያያል እንጂ ድምፅ አይደርሰውም፤
«ስጠኝ!» አለ ጮኾ፤ የራሱን ድምፅ ልክ አያውቀውም።

አንድ ባንድ ያዛቸው፣ ባውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል፤
ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትኩሳት የያዘው ልጅ ትርታ እንደሚያዳምጥ ያህል።
«ይቺ ትመታለች። ይቺም። ይቺም ደህና።
ይቺኛዋ ግን ትነሣለች እንጂ አትደርስም፤ ከግማሽ ትመለሳለችና።»
እኛ የሰማነው ጠቅ ነው፤ የሱ ጣት ያገኘው «ጠ» ላይ መቅረቷን፣
ያልጨረሰች ቃሏን፣ ያልሞላ ጉልበቷን።

ታይዋን ወርጄ ገዛሁ፤ ሐሩን ዋጋ ሲጠራ ዓይኑን ከጫቱ ላይ አላነሣም፤
«አዲስ ከጅቡቲ እዘዝ፤ ወር ነው፤ የሮብሌ ወተት እንደሁ ወር አይታገሥም።»
ስመለስ አራት ሰዓት ሆኗል፣ አከራዩ መጥቷል።
ላቤ ካምቢዮው ውስጥ እንዳይገባ ግንባሬን በሻሽ አስሬ፣
ፊልትሮ አጥቤ፣ ጓርኒሲዮን ለውጬ፣
ቡሎኑን በሰያፍ አጠበቅሁ፣ ዞሬ፣ ተመልሼ ዞሬ።

ማታ፣ ሮብሌ መሪ ላይ፣ አባቴ በመሐል፣ እኔ በመስኮት፤
ከኋላ ባዶ ጀሪካን ሲጋጭ፣ ከታች ደቻቱ፣ ውሃ ሳይሆን አሸዋ የተኛበት።
አባቴ አንዱን መዳፉን ዳሽቦርዱ ላይ ጣለ፤
በሌላው እጁ ይቆጥር ጀመር፦ ሜዳው ላይ አራት ጣት አለ።
ዳገቱ ሲይዘን አንዷን አጠፈ። ሦስት።
ሮብሌ መሪውን ጨመቀ፤
ትናንት የቆመበት
ኩርባ መጣ፤
ፒካፗ ተንፈስ አለች፣ እንደ ሰው ምራቋን ዋጠች፤
አባቴ ሌላ ጣት አጠፈ። ሁለት።
ወጣች።

ሮብሌ በሶማልኛ አንዲት ነገር አለ፣ ለኛ ይሁን ለሷ እንጃ።

አናቱ ላይ ስንደርስ ብርዱ በመስኮት ገባ፤
አባቴ ዞሮ፣ ሹክ ያለኝ መስሎት፣ ተራራው እስኪያስተጋባ፦
«ዘይቱን ሲሞቅ ለክተኸዋል?»
ረስቼዋለሁ።
ዳር ይዘን ቆምን። ሞተሩ ሳይጠፋ መለኪያውን ሳብኩት፣
በነጭ ጨርቅ ጠርጌ መልሼ ከተትኩት፣
እንደገና ስቤ ለአባቴ ሰጠሁት።
«ቀይ ነው» አልኩት፤ ጨለማ ነው፣ ከንፈሬ አይታይም፤
ጣቱን አስነክቶ አሸተተው። ምንም አላለም።