ቤት የመታ ስም

ናሪን፣ ከወንዙ ዳር፣ ከሲሚንቶው ቢሮ፣
ልደት በአንድ መዝገብ፣ ሞት በሌላ ታስሮ፣
ሠላሳ አንድ ክረምት ስም ስጽፍ ኖሬአለሁ፤
ወንድ ከሆነ ልጁ፣ መድረሻውን አውቃለሁ፤
አባት ገና ደጅ ላይ በረዶውን ሲያራግፍ፣
ብዕሬ ትቸኩላለች «ቤክ» ብላ ልትጽፍ።

ቤክ ማለት ጌታ ነው፤ ባላባት፣ አለቃ፤
ድሮ ባለ ፈረስ፣ ባለ ብር ዕቃ፤
ዛሬ የድንች ነጋዴ፣ የጋራዥ ጥበቃ፣
ሁሉም ጌታ ሆነ፤ ሎሌ ጠፋ በቃ።

ነገሩ ያለው ግን ከጅራቱ በፊት ነው።

«ጆልቹቤክ» መንገደኛ፤ እናቱን ያመመ፣
ዶሎን አቀበት ላይ አውቶቡስ ያስቆመ።
«ታሽታንቤክ» የተጣለ፤ ማንም ግን አልጣለው፣
ንቆት እንዲያልፍ ነው ዓይኑ የከፋ ሰው።
«ሳቲቤክ» የተገዛ፤ በመስኮት አሾልከው
ለጎረቤት አሮጊት በአንድ ዳቦ ሸጠው፣
ማታ በሌላ ዳቦ መልሰው የገዙት፣
«የሰው ነው» እያሉ ሞትን እንዲሸኙት።

ቶሎቤክን ላውራ። የከሰል መኪና
ሲነዳ የሚውል፣ ጥፍሩ የማይጠራ።
ስሙ «ካሳ» ማለት፤ በሞተ ወንድሙ
ፈንታ የተከፈለ፣ ዕዳ ያለበት ስሙ።

መጀመሪያ መጣ፣ ሳቅ ሳቅ እያለው፤
«ተሚርቤክ በይልኝ፤ ብረት ነው፣ ብረት ነው!»
ብረቱ በመጋቢት፣ በትኩሳት ቀለጠ።
ሁለተኛው ሲወለድ ድምፁ ተለወጠ፤
«ቶክቶቤክ» አለኝ። «ቁም» ማለት ነው። ትእዛዝ።
አባት በር ላይ ቆሞ መውጫውን ሲይዝ።
አልቆመም።
በሦስተኛው ትእዛዙም ቀረ፣
ሆኖ ያለቀ ነገር አስመስሎ ነገረ፤
«ቱርዱቤክ ጻፊልኝ፤ ቀረ በይ፤ ቀረ።»
ቃሉ ባለ ሁለት ፊት። ቀረ ብዬ ጻፍሁት፤
ሳምንት ሳይሞላ ቀረ። በዚያኛው ደገምሁት።

ማታ ቢሮ ስዘጋ ሦስቱን ስም ባያቸው፣
ተሚርቤክ፣ ቶክቶቤክ፣ ቱርዱቤክ፤ ማማራቸው!
ቤት መታ እንላለን ስንኝ ሲገጥም፣ ሲያምር፤
የማን ቤት እንደሚመታ ማን ጠይቆ ነበር?

አራተኛው ጊዜ በረዶው ጉልበት ደርሷል።
ቆቡን በእጁ ጨምቆ ጠረጴዛዬ ፊት ቆሟል።
«እናቴ ሸጣ ገዝታዋለች፤
ሳቲቤክ ይባል ትላለች» አለ።
ብዕሬን አነሣሁ።
«ተይው። ስም ሥራ አይደለም።
እነዚያን ልጆች ሥራ አዝዣቸው ነበር፤
አንዱን ብረት ሁን፣ አንዱን ቁም፣ አንዱን ቅር አልሁ።
ሕፃናት ናቸው። ከበዳቸው።»

«ታዲያ ምን ልጻፈው?»

«ከሦስቱም ላይ ያልሞተውን።»

አልገባኝም።
የድሮውን መዝገብ ራሱ ገለጠ፤
በከሰል ጥፍሩ የስሞቹን ጫፍ ነካ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤
ሦስቱም ጋ ያው ፊደል፣ ያው ቤት።

ቤክ ብዬ ጻፍሁ። ቤክ ቶሎቤክ ኡሉ።
አለቃዬ ጠራኝ፤ «የምን ቤክ ነው ይኼ? ራሱስ የታለ?»
«ጅራቱ ነው የተረፈው» አልሁት።
ማኅተሙን መታ። ዝም አለ።

አሁን ስምንት ዓመቱ ነው።
ቅዳሜ ገበያ እናቱ «ቤክ!» ብላ ስትጣራ
ግማሹ ገበያ ይዞራል፤
ድንች የሚመዝነው፣ ጎማ የሚነፋው፣ ፈረስ የሚያሻሽጠው፣
የስሙን መጀመሪያ ጫጫታው የበላበት መስሎት
«አቤት» ይላል ሁሉም።
እሱ ብቻ አይዞርም፤
ኳሱን ከመጸዳጃው ግድግዳ ጋር ያነጥራል።
ጌታ አይደል? ማን ያዘዋል።