በፎሌ

ሊነጋጋ ሲል ነው ከአራድ ስንነሣ፣
የሱባሩው መስኮት በጤዛ ተለብጦ፣ ሞተሩ እያገሣ።
እኛ አራት ሴቶች ነን፣ አንሶላ አንጣፊዎች፣ የሆቴል ሠራተኛ፤
አምስተኛው ነጂው፣ ቢያድግልኝ ተሰማ፣ የመዋኛ ገንዳ ዘበኛ።
የቤንዚኑን ዋጋ አምስት ሆኖ ሲከፍል፣
ፊደል ያልቆጠረም ያውቃል መደመር፣ ያውቃል ማካፈል።

ቢያድግልኝ ደግሞ ከሁላችን ይብሳል፤
ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ፣ ገና ሙት ባሕር ሳይታይ፣ ቁልፉን ይመልሳል።
ማርሹን ፎሌ ከቶ፣
ሞተሩን አጥፍቶ፣
«በሉ እንግዲህ» ይላል፣ «ከዚህ ወዲያ ያለው የእግዜር ነዳጅ ነው፤
ሽቅቡ ነው እንጂ የሚያስከፍል፣ ቁልቁለቱ ነጻ ነው።»

ልማዱ የቆየ ነው። ሊማሊሞ ላይ፣ የኤንትሬ ረዳት፣
ታኮ እንጨት ታቅፎ፣ ከጎማ ጋር ሲሮጥ አለቀ ወጣትነት።
ሾፌሩ ከደባርቅ አጥፍቶ ይለቃል፣
የተረፈው ናፍጣ፣ በጀሪካን ሆኖ፣ ዛሪማ ይሸጣል።
ረዳቱም ድርሻ ነበረው፤ አንድ ጫማ ገዛ።
«ከቁልቁለት ላይ የበቀለ ጫማ» ይላል እስከዛሬ፣ ሲያወራው እንደዋዛ።

ሞተሩ ሲጠፋ
የማናውቀው ነገር መኪናው ውስጥ ሰፋ።
ጎማው ከአስፋልቱ ጋር በሹክሹክታ ያወራል፣
ንፋሱ በበሩ ስንጣቂ ሾልኮ ያፏጫል፣
የጥሩዓለም ቁልፎች ቦርሳዋ ውስጥ ይንሿሿሉ፣
የአንዷ ጉልበት ቋ ይላል፤ እንደ እንጨት ነው አሉ።
«የባሕር ወለል» ይላል የመንገዱ ሰሌዳ፤ ጆሮአችን ይደፈናል፤
ከዚያም በታች አራት መቶ ሜትር አለ፤ ሰው ከባሕር በታች ሆኖም ይተነፍሳል።

በዚያች ዝምታ ነው እናኑ የነገረችን
ጡቷ ውስጥ ስላገኙት ነገር፤ ሦስት ወር ሙሉ ደብቃን።
በሞተር ጩኸት መሃል ይህ እንዴት ይነገራል?
በፎሌ ሲሄዱ ግን ቃልም ያለ ነዳጅ፣ ራሱ ይንከባለላል።
ማንም አልመለሰላት። ዞሃር መገንጠያ፣ ሜዳው ላይ ስንደርስ፣
ቢያድግልኝ ቁልፉን አዞረ፤ አየን፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲልፈሰፈስ።
ከዚያ እንደ ልማዱ ደብተሩን አወጣ፣
በእርሳስ ጻፈበት፦ ሁለት ሼቄል ተኩል፤ የዕለቱ ትርፍ ይህ ነው፣ ከነዳጁ የወጣ።

አንድ ማለዳ፣ ኩርባው ላይ፣
ቀንዳም የበረሃ ፍየል፣ ግልገሏን አስከትላ፣
መሃል መንገድ ቆማለች።
ፍሬን ረገጠ፤ ያዘ። ደግሞ ረገጠ፤ ትንሽ።
ደግሞ ረገጠ —
ድንጋይ።
መሪውም ድንጋይ።
ሰውዬው በሁለት እጁ ግንድ እንደሚነቅል ሲታገል፣
ጥሩዓለም ከጎኑ የእጅ ፍሬኑን ጎተተች፣
ጠጠር ላይ ተንሸራተን፣ ገደሉን በአንድ ጎማ ቀምሰን፣
ቆምን።
ፍየሏ አየችን። አልቸኮለችም።
ግልገሏ ጠጠር እያሽተተ ተከተላት።

ልጁ ኤልዳድ ቤር ሸባ ጋራዥ ነው የሚሠራው።
«አባዬ» አለው፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ቀና ብሎ ሳያየው፣
«ይህ እኮ ኤንትሬ አይደለም። ማርሽ ውስጥ ትተህ እግርህን ካነሣህ፣
ቤንዚኑን ራሱ ይዘጋዋል፤ ጠብታም አይፈስህ።
ፍሬኑን የሚያግዘው፣ መሪውን የሚያቀለው ሞተሩ ነው፤
አንተ ታጠፋዋለህ። የስድስት ዓመት ትርፍህ፣ ስትደምረው፣ ባዶ ነው።»
ቢያድግልኝ ደብተሩን በኪሱ ላይ ዳሰሰው።
«እሺ» ብቻ አለው።

አሁን በሁለተኛ ማርሽ ነው የምንወርደው።
ሞተሩ ያጉረመርማል፤ ሳይበላ የሚሠራ ጾመኛ ነው።
ማክሰኞ ማክሰኞ የእናኑ ቦታ ባዶ ነው፤ ሶሮካ ትውላለች።
በሌላው ቀን አለች፤ ራሷን በሻሽ ጠቅልላ መስኮቱን ትደገፋለች።
የባሕር ወለሉ ሰሌዳ ሲመጣ፣ ሳንነጋገር፣
ጥሩዓለም ሬዲዮኑን ትዘጋለች፤ ማንም አይናገር።

ታች ስንደርስ ቢያድግልኝ አሁንም ደብተሩን ያወጣል፣
አሁንም በእርሳስ፣ ሁለት ሼቄል ተኩል ብሎ ይጽፋል።
የተረፈው ምን እንደሆነ
አልጠየቅነውም።