ቁልፍ የሌለው ኪስ

በዝናብ ማታ ነው ጌቲን ያመጣልን፣
“ድንክ ፈረስ ናት” ብሎ ደጅ ላይ የጣለልን፤
እኔ ያየሁትማ፣ ባትሪዬን ሳበራ፣
ጭቃ የለበሰ የአጥንት ደመራ።

ሦስት ክረምት ሙሉ ተዘግቶባት በሩ፣
ሰኮናዎቿ አድገው እንደ በግ ቀንድ ዞሩ፤
ውርንጭላ ሳለች ያጠለቁት ገመድ፣
ቆዳ በቅሎበታል፣ ሽቦ እንደዋጠ ግንድ።
ጌቲን ስም አወጣ፤ “ፕሊየን” አላት፣ “ላባ”፣
በእኛው በዌልስኛ፤ ሲጠራት ሆዱ ባባ።

እኔ ኤሉነድ ነኝ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት
የተማሪ አውቶቡስ የነዳሁ በዳገት፤
ስለ ፈረስ ዕውቀት እኔን አትጠይቁ፤
ያነበብኳቸውም በእሷ ፊት ወደቁ።

ሐኪሟ ገመዱን በመቀስ ፈልቅቃ፣
“ድርቆሽ በሚዛን!” አለችን አስጠንቅቃ፤
“ባዶ ሆድ በድንገት መኖ ከተሞላ፣
ረሃብ የማረውን ጥጋብ ነው የሚበላ።”
ባሌ፣ ነፍሱን ይማር፣ ዓሣ በሚለካባት፣
በዚያች ዝገታም ሚዛን ድርቆሽ ሰቀልሁላት፤
ከሌሊቱ ስምንት፣ ቦቲዬን አጥልቄ፣
“ብዪ እንጂ” እላለሁ፣ ከአጥር ማዶ ርቄ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም ነበር።
ስቆም ዝም ትላለች፤ ሳወራ ጆሮዋን ትሰጣለች፤
አንድ እርምጃ ስራመድ፣ ግድግዳ ልትወጣ ትደርሳለች።
ሁለት ሳምንት ሙሉ እጄን ጠረጠርሁ፣
ባርኔጣዬን ጣልሁ፣ ቦቲዬን ቀየርሁ።
ኪሴ ነበር ጉዱ።
ቁልፍ ነበር ውስጡ፦ የቤቴ፣ የጋራዡ፣ ያልመለስሁት የአውቶቡሱ።
ያ ሰው ሲመጣባት፣ ዱላውን ሳያሳይ፣
ቁልፍ ነበር መልእክተኛው፣ ከበሩ ወዲያ ላይ።
ከዚያ ቀን በኋላ፣ አጥሩ ላይ ሚስማር መትቼ፣
ቁልፌን ሰቅዬ ነው የምገባው፣ ኪሴን ባዶ ትቼ።

ኤምሪስ ሰኮና ከርካሚው በመጀመሪያው ቀን ሻይ ጠጥቶ ሄደ፤
በሁለተኛው አንድ ጉልበት ዳሰሰና ሄደ፤
በሦስተኛው ሞረደ።
የወደቀውን ቀንድ ውሻዬ ነጥቆ ሮጠ፤
ኤምሪስ፣ ሂሳብ ስለው፣ “ውሻሽ ከፈለኝ” ብሎ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ።

መግራት ይሉታል ይህን። ማን ማንን ነው የገራ?
እኔን ነው ያስተማረችኝ፣ ረጋ ብዬ እንድሠራ።
“ዙሪ” አለችኝ በዓይኗ፣ ጀርባዬን ሰጠኋት፤
ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥሁ፣ ጋዜጣ አነበብሁላት፦
የበግ ዋጋ፣ የቀብር ማስታወቂያ፣ የወረዳው ስብሰባ።
መጋቢት ላይ አንድ ቀን፣ ትኩስ እስትንፋስ ማጅራቴ ገባ።
አልዞርሁም።
የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ እስከ ፊርማው ድረስ አነበብሁ።
(ያን የመሰለ አሰልቺ ጽሑፍ እያለቀሰ ያነበበ
ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም።)

ግንቦት ላይ፣ የጭነት መኪና ሰንሰለት ቢንቋቋባት፣
አጥሩን ጥሳ ጠፋች፤ ሌሊቱን ሙሉ ፈለግናት።
የት አገኘናት መሰላችሁ?
ከቆርቆሮው ቤት፣ ከዚያው ከተዘጋው በር ፊት፤
ሲጨንቃት የሮጠችው፣ ወዳስጨነቃት ቤት።
ጌቲን ገመድ ፈታ። “ተው” አልሁት በእጄ።
ዞርሁና ተራመድሁ፣ ቁልቁል፣ ወደ ደጄ፤
ኪሴ ባዶ፣ እጄ ባዶ፣ ዝናቡም ያካፋል፤
ከኋላዬ፣ ጭቃው ላይ፣ አንድ ሰኮና ያርፋል።
ይቆያል።
ሌላው ያርፋል።

አሁን ወፍራለች፤ “ላባ” ስንላት እንግዳ ይስቃል።
ባርኔጣ ያደረገ ወንድ ሲያልፍ ግን፣ ዛሬም ጆሮዋ ይወድቃል።
ኮርቻ አልጫንባትም፤ የጌቲን ታናሽ እህት ሎውሪ
በባዶ ጀርባዋ ላይ ሆና፣ እስከ ወንዙ ብቻ ናት ጋላቢ።
ቁልፌ ሚስማሩ ላይ ዝጓል፤ ቤቴም ክፍቷን ታድራለች፤
ሌባ ቢገባ የሚያገኘው ያችኑ ሚዛን ነው፤
እሷም ግማሽ ኪሎ ትሳሳታለች፤
ለፈረስ ታዳላለች።