የተረፉ ትኬቶች

ሰባት ጨዋታ ቀድመው፣ አሥራ ሁለት ሲቀራቸው፣
ከተማው ሠርግ ደገሰ፤ ሙሽራ መሰለ ሜዳቸው።
ማተሚያ ቤት ያላት ወይዘሮ ፕሮሃስካ
የጥቅምትን ትኬት አተመች፣ ዕድልን ሳትለካ፤
ወርቅማ ጠርዝ ሰጠችው፣ ረድፍና ወንበር ጻፈች፣
ቀለሙ ቶሎ እንዲደርቅ መስኮቱን ወለል አረገች።

ሸማኔዎች ይባላሉ። የወንዝ ዳሩ ፈትል ቤት
ለአባቶቻቸው እንጀራ፣ ለቡድኑ ስም የሆነበት።

መጀመሪያ አንድ ተሸነፉ። ማንም ጉዳዬ አላለም፤
አንዲት ክር ብትመዘዝ ጋቢ እርቃን አያስቀርም።
ሁለተኛውን በዝናብ፣ ሦስተኛውን በአንድ ነጥብ፤
በአራተኛው ሌት ኦግደን፣ አሠልጣኙ፣ እንቅልፍ አጣ በሐሳብ።
ሁለት ወርዋሪ ብቻ አመነ፤ ሌሎቹን ረሳቸው፤
ሳያርፉ አስወረወራቸው፣ ክንዳቸው እስኪዝልባቸው።
የፈራ ሰው ቁጥር ይወዳል፤ ሌት ተቀን ይደምራል፤
አምስት፣ አራት፣ ሦስት… የተደመረው ይቀልጣል።

እሑድ ነበር፣ ዘጠነኛው ዙር።
ቀላል ኳስ ናት፤ እናቱም ብትሆን ትይዛታለች።
ወደ ሌስተር ዱኬት፣ መሬት ለመሬት፣ ተንከባልላ መጣች፤
ጓንቱን ዘረጋ፤
እንደ አይጥ በእግሮቹ መሃል ሾለከች።

ከዚያ ድምፁ። አሥር ሺህ ጉሮሮ፣ የሠፈር ሰው፣ ጎረቤት፣
ዳቦ የሚሸጥለት፣ ሸሚዝ የሚተኩስለት፣
ያጠመቀው ቄስ ሳይቀር፦
«ውጣ!»
ወዴት ይውጣ? ቤቱ እዚያው ነው፣ ከመንገዱ ባሻገር።

አሥር ጨዋታ በተከታታይ።
አሥረኛው ማታ ማንም አልጮኸም፣ መብራቱን ብቻ አጠፉ።

በእኔ ቋንቋ መስከረም ይጠባል፤ ጨለማው ነው የሚሸሸው፤
እነሱ ዘንድ ግን ያን ዓመት መስከረም ነው የመሸው።

ትኬቶቹስ? ማን ያቃጥል፤ ወፍራም ነው፣ ጀርባው ባዶ፤
በጥቅል በጥቅል ታደለ፣ ከወንዙ ወዲህም ማዶ።
ስኳር፣ ሳሙና፣ ሁለት አምፖል ተጻፈበት፤
የአያት ክኒን ሰዓት፣ የአጎት ስልክ ሰፈረበት፤
ኮርኔሊያ የምትባል አንዲት የፈትል ቤት ሠራተኛ
«እሺ» ብላ መለሰችበት ለሚያገባት፣
ረድፍ ሰባት፣ ወንበር ሦስተኛ።
ዛሬም ጠረጴዛ ሲነቃነቅ ከእግሩ ሥር ይገባል ታጥፎ፤
ወርቁ ብልጭ ይላል አልፎ አልፎ፣ ከአቧራው ተርፎ።

በዚያ ከተማ አባት ሲኩራራ፣ ልጁን ሐኪም ሲል ሳይመረቅ፣
«በሰባት እየመራ ነው» ይሉታል፤ እሱም ይላል ሽምቅቅ።
ነፍሰ ጡር የሕፃን አልጋ ቀኗ ሳይደርስ አትገዛም፤
ፖስተኛው የጡረታ ወሩን ለሚስቱ እንኳ አያወራም።

ሌስተር ግን አልሄደም። ብዙዎች ይሄዳል ብለው ነበር።
ሚስማርና ቀለም ቤት ከፈተ፣ ከባቡር ጣቢያው በር።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሸጠ፣ ሚስማር በኪሎ፣ ብሎን በፍሬ፤
ስለዚያች ኳስ ማንም አላነሣ፤ እሱም አልጠየቀ ወሬ።
ግን ሚስማር ሊገዛ የመጣ ሁሉ መልሱን ትቶ ይወጣል፤
«ያዘው» ይለዋል አንገቱን ደፍቶ፤
«ያዘው»፤ ቃሉ ባንኮኒው ላይ ይንከባለላል፤
ሌስተር ጎንበስ ይላል፣
ሳንቲሙን በሁለት እጁ ይይዛል።

እሱ ከሞተ በኋላ፣ ባለፈው በጋ፣ የልጆች ግጥሚያ አየሁ፣
ከዚያው አሮጌ ሜዳ፣ ዝገት የበላው አጥር ሥር ቆሜ።
ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጓንቷ ከፊቷ ይሰፋል።
ቀላል ኳስ መጣች። አመለጠቻት፤
በእግሮቿ መሃል፣ ቀስ ብላ፣ ሣሩ ውስጥ ገባች።

ሽማግሌዎቹ ተነሡ፣ አንዱ በከዘራ፣ አንዱ በሰው ትከሻ፤
ነጥብ መዝጋቢዋ እርሳሷን አስቀመጠች፤
አጨበጨቡ፣ አጨበጨቡ፣ እስከ መጨረሻ።
ልጅቱ ዞራ አየች፤ ይህ ሁሉ ጭብጨባ ለማን ነው?
አሠልጣኟም አላወቀ፤
ወጣት ነው፣ ከሌላ ከተማ ነው የመጣው።