በሳል የታለፈ መስመር

አሥራ ሰባት ናቸው፤ ቆጥሬአቸዋለሁ፤
በአሮጌው ሣጥን ውስጥ፣ ከተልባው ክር በታች አኑሬአቸዋለሁ።
ቀይ ሰማቸው ረግፏል፣ ጠርዛቸውን ብል በልቶታል፤
አንዱ ላይ የሞሪስታውን በረዶ ቀልጦ፣ ክብ ሆኖ ደርቆበታል።
በየግርጌው ያው ፊርማ፦ «ሻምበል አሣሄል፣ ባልሽ» — ማዕረግህ ቀድሞ፤
ሰባተኛው ውስጥ ለጽሩያ የላክኸው የወፍ ላባ አለ፣
እስከ ዛሬ በእጥፋቱ ተጋድሞ።

ያን ጊዜ፣ አሣሄል፣
የታተመ ፊደል እንጂ የእጅ ጽሑፍ አላውቅም ነበር፤
ዳዊትን አነባለሁ፤ ያንተ ጽሕፈት ግን
ነፋስ እንደጣለው አጥር
ተደጋግፎ፣ ተነባብሮ... ከየት ገብቼ ከየት ልሻገር?

ሰባኪው ኤልናታን ነበር የሚያነብልኝ፣ እሑድ፣ ከምድጃው ዳር፤
መንደሩ ጫማውን ደጃፍ ላይ አራግፎ ይገባል፣
የማን ልጅ እንዳለ፣ የማን እንደሌለ ሊሰማ ይኮለኮላል።
መበለቷ ሚልካ ከበሩ ሥር፣ መርፌዎቿን ሳታቆም፣
«ልጄን ያነሣዋል? ሳዶቄን? ካልሲው ደረሰው?» — ሌላ ቃል የላትም።

«ውድ ኬጡራ» ትላለህ፤ ሁሌ እንዲህ ነው ስትጀምር፤
«ቀለሙ ስለሚረጋ፣ እንደ ጫጩት በብብቴ ይዤው ነው የማድር።
በረዶው ወገብ አልፏል። ዳቦ ካየን አራት ቀናችን።
የጫማ ቆዳ ሲቀቅሉ አየሁ፤ ዞር አልሁ፣ እንዳያፍሩ ልጆቻችን።
የኮንግረሱን የወረቀት ገንዘብ ይዞ ገዢ ቢመጣ
ለእሳት ማያያዣ ይሁነው፤ ጊደሯ ከበረት አትውጣ።»

እዚህ ላይ ሰባኪው ቆመ።
ዓይኑ ከወረቀቱ ተነሥቶ ወደ መርፌዎቹ ሄደና ተመለሰ።
ሳለ።
ገጹን ገለጠ።
«ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላም በዪልኝ» አለና ጨረሰ።

በጸደይ ወሬ መጣ፤ ሳዶቅን ንዳድ ገደለው ተባለ።
ማን እንዳመጣው የጠየቀ የለም፤ ሁሉም አቀርቅሮ ዝም አለ።
ሚልካ የጀመረችውን ካልሲ ጨረሰች፤ ጥንዱንም ሠራች፤
ከዚያ መልሳ ፈታችው፤ ክሩን ጠቅልላ አስቀመጠች።

አንተም በመከር መጣህ፣ ግራ ትከሻህ ዘሞ፤
ሚልካ ባለፈች ቁጥር ባርኔጣህ ወርዶ፣ ዝናብም ቢሆን፣ እግርህ ቆሞ።
ሃያ ሁለት ዓመት እንጨቷን የፈለጥህላት አንተ ነህ፤
ላግዝህ ያለህን ሁሉ በዓይንህ መለስህ።
እኔ ደግነት አልሁት።

ካለፍህ በኋላ ነው ጽሩያ ጣቴን ይዛ፣ እንደ ሕፃን በዳዴ መርታ
በመስመሮችህ ላይ ያስኬደችኝ። አንድ ሌሊት፣ ዘጠነኛውን ስፈታ
ሳል የዋጠው ወጣ፦

«ዛሬ ጎሕ ሲቀድ የሚልካን ልጅ አስገደልሁ።
ሲኮበልል ሦስተኛው ነው። ስድስት ጠመንጃ አሰለፍሁ፤ መሐረቡን እኔ ጣልሁ።
ወዴት ትሄድ ነበር? አልሁት። ‹እናቴ ጋ› አለኝ፤ ሌላ አላለም።
የእናቱ ካልሲ እግሩ ላይ ነበር። ሌሎቹ ሊገፍፉት ሲሻሙ
ከለከልሁ፤ አላስወለቅሁበትም።
ምን እንደምትዪያት አላውቅም።
የጎተራውን ክዳን ከምዕራብ በኩል አስጀምሪ፤ ነፋሱ የሚመጣው ከዚያ ነው።»

እስኪነጋ ድረስ መጥረቢያህ ይሰማኝ ነበር፣
በሚልካ ግቢ፣ የሌለ ግንድ ሲሰብር።

ትናንት ሚልካ መጣች፤ ዓይኗ ጭጋግ ለብሶ፣ በትሯ በሩን እየዳበሰ።
«የእጅ ጽሑፍ ተማርሽ አሉ። ያን የበረዶውን ወራት ደብዳቤ አንብቢልኝ» አለች።
ፈታሁት። ቀለሙን። ዳቦውን። ጊደሯን።
ከዚያ መስመሩ ላይ ደረስሁ።
መርፌ አልያዘችም፤ እጇ ጭኗ ላይ
እንደ ባዶ ሳሕን ተከፍቷል።
ጉሮሮዬ ታነቀ።
አሣሄል፣ ሳልሁ።

ምድጃው ውስጥ አንድ ግንድ ተሰንጥቆ ወደቀ።
«ሰባኪውንም» አለችኝ፣ ፊቷን ወደ እሳቱ እንዳዞረች፣
«እዚሁ ጋ ነበር ሳል የያዘው።
ግድ የለም፤ ቀጥዪ።»

ስለ ጎተራው ክዳን አነበብሁላት።